የጫማ መደርደሪያው ፓወር ሰፕላይ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

እህቴ ክፍሌን ወሰደችው። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ከሥራ ስመለስ በሩ ተዘግቷል፣ ዕቃዬ ኮሪደር ላይ በካርቶን ተቆልሏል፣ ሚስቴ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«እህትህ መጥታለች። ትንሽ ቀን ትቆያለች።»

«እኔ ክፍል ውስጥ?»

«ሌላ ክፍል አለን እንዴ?»

የለንም። እሱማ የለንም። ግን ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት የሰው መስታወት ስሞርድ ውዬ የምመለስባት አንዲት ነገር ብትኖረኝ ያቺ ጠረጴዛ ነበረች። ጠረጴዛዋና ራዲዮዬ። ራዲዮውን ከባዶ ነው የምሠራው፤ አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ የሩቅ አገር ጣቢያ የሚያስገባ። ሰው ኳስ ያያል፣ ሰው ይጠጣል፣ እኔ ሽቦ እበይዳለሁ። ማንን ጎዳሁ?

ለእኔ የተቆረጠልኝ ቦታ ኮሪደሩ ላይ ያለው የጫማ መደርደሪያ አናት ነው። የጫማ! ራዲዮው በግድ ይገባል። ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው፤ እሱን እዚያ ላይ ማውጣት አይታሰብም። እንግዲህ ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ፈልግ መባሌ ነው። በገዛ ቤቴ።

ከባሏ ጋር ተኳርፋ ነው የመጣችው። ለስንተኛ ጊዜ ነው? የያዘችው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ያውም ግማሹ ባዶ። ቶሎ ትመለሳለች ማለት ነው።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥልን ሰውዬ ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ ግን «አይቃጠልም» ነው የምንለው። ምንም ዕቃ ብታነሣ መልሱ ያው ነው።

«ይሄ ራዲዮ ላይ ድምፅ አያመጣም?» አልኩት።

«አይቃጠልም!»

«ስለ ድምፅ ነው የጠየቅሁህ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የምልህ፤ አይቃጠልም።»

ሳሙና የምታህል ነገር ሰጠኝ። አሥራ ሁለት ቮልት ትሰጣለች፣ ቀላል ናት፣ መደርደሪያው ላይ ከእኔ ጫማና ከሚስቴ ጫማ መሀል ትገባለች። ቤት ወስጄ ሰካኋት። አልተቃጠለችም፤ ለሰውዬው እውነቱን እሰጠዋለሁ። ጣቢያው ሁሉ ግን ጠፍቶ ጥዝዝዝ ብቻ ሆነ። ጆሮዬን ቀፎ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ።

የትንንሾቹ ነገር ይሄ ነው። መጠናቸውን ያሳነሱት ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጡ ስለሚሠሩ ነው፤ መቆራረጡ ለስልክ ምንም አይደለም፣ ለራዲዮ መርዝ ነው። ትልቁ ዝም ይላል፣ አይገባም። ትንሹ ይገባል፣ ዝም አይልም። ቤታችን ያለችው እንግዳ ደግሞ ዝም ብላ ገብታ ዝም ብላ ቀርታለች።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ካውያዬ ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያለ እሱ መበየድ አልችልም። አንኳኳሁ፤ እንደ ሰው ነው ያንኳኳሁት።

«ማነው?!» ብላ ጮኸች። ሌባ ያየ ሰው ነው እንደዚያ የሚጮኸው።

«እኔ ነኛ! ማን ይሆናል?»

ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ ቁልፍ ሲዞር። ወንበር! በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ ነው የተቀመጠችው። ስትከፍት ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አለች። በጠራራ ፀሐይ።

ሚስቴ ደግሞ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ «ስታንኳኳ እኔ ነኝ በል፤ ቀስ ብለህ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ እኔ ነኝ ልበል! ሳምንት መታወቂያ ልትጠይቀኝ ነው።

እማዬ ደወለች። «ባሏን ጥላ እዚያ ምን ትሠራለች? በል ልጄ፣ አንተ ታላቋ ነህ፤ መክረህ መልሳት። ሰው ምን ይላል?» እማዬ ምን አጠፋች? እህቴ ያገባችው የሚጫወት፣ የሚጋብዝ፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነው። ስንቷ ናት እንደሱ ያለ አጥታ የቀረችው?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

አማቼ ምሳ ሰዓት ላይ መነጽር ቤቱ ድረስ መጣ። የእህቴን ባል ማለቴ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ስለሆነ ጓደኞቹ «አሳንሰር» ይሉታል፤ ራሱም ስልክ ሲያነሣ «አሳንሰር ነኝ፣ ወዴት ላውጣችሁ?» ነው የሚለው። ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ሻይ ቤት ገባንና ሻዩን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ያደረግኳትን ባውቅ እኮ በተሻለኝ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ስደውል አታነሣም። ይቅርታ ልል እንኳ ምኑን ብዬ?»

አንጀቴን በላው። ነገር ላስቀይስ ብዬ የፓወር ሰፕላዩን ጣጣ አነሣሁለት። ወዲያው ፊቱ በራ። በዚህ ጉዳይ ከሱ ሌላ የሚያወራኝ ሰው የት አለኝ? ቤት ውስጥ ስለ ቮልት ካወራሁ ሚስቴ ታዛጋለች። እሱ እስክሪብቶ አወጣና ሶፍት ላይ ሣለልኝ። ሊፍት መቆጣጠሪያ ውስጥ የሚገጥሟቸው አሉ አሉ፤ መዳፍ የሚያህሉ፣ ብረት የለበሱ፣ ጥዝታውን የሚያጣራ ፊልተር በሆዳቸው ያለ።

«ለእኔ ተወው» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ ራዲዮህን ጨርስ። እኔ አመጣልሃለሁ።»

ስንለያይ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ደህና ትተኛለች?» አለኝ። «መስኮት ከፍታ መተኛት ነው የምትወደው። ክፍሏ ወደ መንገዱ ነው?»

«ኧረ በጓሮ በኩል ነው» አልኩት።

ስለ ንፋሷ እንኳ የሚጨነቅ ሰው። ይሄን ነው ጥላው የመጣችው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የእህቴ መነጽር በፕላስተር ተጣብቋል። ወንድሟ መነጽር ሠሪ ሆኖ! ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነጥቄያት ሱቅ ወሰድኩት።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች፤ ሳልጠይቃት።

ስጠግነው ደጋግሜ አገላበጥኩት። የወደቀ መነጽር እኔ ዘንድ ሲመጣ የኖረ ነው። መሬት የነካ መስታወት ይጫራል፣ ጠርዙ ይላላጣል። ይሄኛው አንዲት ጭረት የለበትም። የቀኙ ማጠፊያ ግን ወደ ውጭ ተገንጥሏል፤ የአፍንጫው መደገፊያ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣሟል። ከጎን በኩል የመጣ ነገር…

በጎኗ ወድቃ ይሆናል። ደረጃውን እኔ አላየሁት። ሰው በብዙ ዓይነት ይወድቃል።

ማጠፊያውን ቀይሬ መለስኩላት። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «በጣም አመሰግናለሁ» አለች። ሁለተኛው አናደደኝ። ባዕድ ነኝ እንዴ? የጫማዋን ክር ስቋጥርላት ያደገች ልጅ ናት።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ከሚስቴ ጋር ተጣላን። የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ይሁን።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«እሷን ጠይቃት።»

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው አይደለችም? ልትነግረኝ ከፈለገች ትንገረኝ።»

«አንተ የማትጠይቀው መልሱን ስለማትፈልገው ነው።»

«አንቺ ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«እኔ እንኳን ዓይን አለኝ» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ዓይን! ለሠፈሩ ሁሉ ዓይን ስሠራ የምውል እኔ፣ ዓይን ያላት እሷ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። የምወጣበት ግን የት አለኝ? ኮሪደር ነው ያለሁት። ከጫማ ጋር ተቀምጬ ይሄን እጽፋለሁ። የጫማው ሽታ፣ ከክፍሉ በር ሥር የሚወጣው ብርሃን፤ ሌሊቱን ሙሉ አታጠፋውም። ዕድሜ ልኬን ለሰው ቦታ ስለቅ ኖሬ አሁን ከራዲዮዬ ጋር ጫማ ላይ ተሰቀልኩ። እህቴ ናት፤ አውቃለሁ። ማወቄ ንዴቱን አያበርደውም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አማቼ ቃሉን ጠበቀ። ዋናው እስኪገኝ ብሎ አንዱን ይዞልኝ መጣ፤ የብረት ልብሱ የሌለው፣ ሆድ ዕቃው የሚታይ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ስናየው አስተናጋጁ ቦምብ መሰለውና ራቅ ብሎ ቆመ። ሳቅን።

«ሥራ ትሄዳለች?» አለኝ።

«ማተሚያ ቤቱን መቼ ተወች? ፈረቃዋን ግን ለውጣለች። በማለዳ ገብታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወጣለች።»

«በዚያው አውቶቡስ?»

ይሄኔ ነው ሳቄ የመጣው። አንድ ማለዳ ከኋላዋ ሆኜ ያየሁትን መንገዷን ነገርኩት። ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት ትታ በጓሮ በር ትወጣለች፤ አትክልት ተራውን ትዞራለች፤ ከዚያ በጨርቅ ሱቆቹ መሀል ባለችው ጠባብ ቅያስ ሾልካ ነው የምትሄደው፣ የምትመለሰውም። «ፖሊስ እንደሚያሳድደው ሌባ!» አልኩት።

አማቼ ከት ብሎ ሳቀ። ተነሥቶ አረማመዷን አሳየኝ፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን። ቁርጥ እሷን! አስተናጋጁ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ዕቃውን ቤት ሞከርኩት። ከአይቃጠልም ይሻላል። ከፍ ባለው ሞገድ ላይ ጸጥ ይላል፤ ዝቅ ስል ያው ጥዝታ። ልብስ ያስፈልገዋል።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ሥራ በዝቷል። ትዕዛዝ ተቆልሏል። በጥድፊያ ሁለት መስታወት አበላሸሁ።

እህቴ ሳህን እያጠበች «ጋሼ፣ ራዲዮው ደረሰልህ?» አለችኝ።

«ቦታ ቢኖረው ይደርስ ነበር» አልኳት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች። ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

መጣ! መዳፍ የሚያህል ነው፤ ብረት የለበሰ፣ ለእጅ ቀዝቀዝ የሚል፣ ጠርዙ የተስተካከለ። አማቼ በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቶ «እንካ፣ አንተን ዝም የሚያሰኝ ነገር ተገኘ» አለኝ። ዛሬ ስለ እህቴ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እየተረጋጋ ነው ማለት ነው። ቸኩሎ ነበር፣ ሻይም አልጠጣ።

ገጠምኩት። ማብሪያውን ስጫን ራዲዮው የተበላሸ መሰለኝ፤ እንደዚያ ጸጥ አለ። መዘውሩን ቀስ ብዬ ሳዞር ከሩቅ አንድ ሰውዬ መጣ። በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ያነባል፤ ሲተነፍስ ይሰማል፤ ገጽ ሲገልጥ ይሰማል! አንድ ቃል አልገባኝም፤ እስኪጨርስ አዳመጥኩት። ዛሬ ማንም ላይ አልተናደድኩም።

ሚስቴ መጥታ «ከየት አገኘኸው?» አለች።

«ከአይቃጠልም» አልኳት።

ለምን ዋሸሁ? ከአማቼ ጋር ሻይ መጠጣት ወንጀል አይደለም። ግን ዋሸሁ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ሚስቴ ደወለች። መስታወት እየቆረጥኩ ነበር።

ሆስፒታል። ድንገተኛ ክፍል።

የግራ ክንዷ ተሰብሯል። ከንፈሯ ተሰፍቷል። አንድ ዓይኗ አይታይም፣ አብጦ።

እሱ ነው። ቅያሷ ውስጥ። ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ተሸካሚዎች ናቸው ያስጣሏት።

ቅያሷ ውስጥ። ከሥራ ስትወጣ።

መጻፍ አልችልም።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሚስቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ነው። የሚመታት ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ መርጦ ነው። መነጽሯ የተሰበረ ቀን ግን መምረጡን ረሳ፤ ያን ቀን ነው ቦርሳዋን ይዛ የወጣችው። ሚስቴ በመጀመሪያው ሌሊት ገላዋን ስታጥባት ሰንበሩን አየች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለወንድሜ እንዳትነግሪ ብላ ለመነችኝ። የሱ ጓደኛ ነው አለች። ጠይቃት ጠይቃት ያልኩህ ለዚህ ነበር።»

ላምባርቅባት አፌን ከፈትኩ። ግን ተነሥቼ እህቴ የተኛችበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ።

የማይወጣልኝ ግን ይሄ አይደለም። ማተሚያ ቤት አብራት መጽሐፍ የምትጠርዝ ጓደኛ አለቻት፤ ቅያሷን ያሳየቻት እሷ ናት። ዛሬ ከሥራ በቀጥታ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። እህቴ ስታያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መንገዱን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም» አለች፤ በተሰፋው ከንፈሯ ቃሉ እየተንሸዋረረ። «ስንት ሰጠሽ?»

ልጅቱ ደንግጣ «እኔ?» አለች። «እኔ ነኝ የሸጥኩሽ?»

«ሂጂልኝ።»

ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ እያለቀሰች ወጣች። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በሩን ከፈትኩላት። አዎ፣ ያደረግሁት ይሄ ነው፤ ከፈትኩላት፣ አሳለፍኳት፣ መልሼ ዘጋሁት።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ደወለ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ አነሣሁት።

«አሳንሰር ነኝ» አለ። ድምፁ ያው ነው! ምንም አልተለወጠም!

«እንዴት ብለህ ነው አንተ…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ስማኝ ወንድሜ። ላናግራት ብቻ ነበር። ታውቃታለህ እኮ፣ ነገር ታቀጣጥላለች። ስትሮጥ ወድቃ ነው ክንዷ የተጎዳው።»

ወድቃ። ደረጃ ላይ ወድቃ፣ ቅያስ ላይ ወድቃ።

«ለፖሊስ በአጋጣሚ ነው ያገኘኋት ብያለሁ» አለኝ። «አንተ ዝም በል፤ ምን አገባህ። መንገዷን የነገርከኝ አንተ መሆንህን እኔም ለማንም አልተነፍስም። ቤተሰብ አይደለን?»

 ከዚያ «ራዲዮውስ? ጸጥ አለ?» አለኝ።

ያን ጊዜ የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። መነጽር ሊለኩ የመጡ ሴትዮ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ቀጣሪዬ ከጓዳ ሮጦ መጣ። ግን እውነቱ ይጻፍ፤ የተሳደብኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እሱ ጆሮ ውስጥ አንድም አልገባም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን አሳሳቀ፤ የወሰደው ግን እሷን ነው።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ለሚስቴ ነገርኳት። ሻዩን፣ ሶፍቱን፣ ክፍሏ በጓሮ በኩል መሆኑን ማሳወቄን፣ ፈረቃዋን፣ ቅያሷን፣ ፓወር ሰፕላዩ ከማን እንደመጣ። እንድትጮህብኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ ብትጮህ መልሼ እጮህ ነበር። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለእሷ ንገራት» አለች። «ዛሬውኑ። ያቺ ልጅ በሰው ኃጢአት ስታለቅስ እንዳትከርም።»

እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ ክፍሉ ውስጥ ነች። አንኳኳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ቀስ ብዬ። ወንበር አልተጎተተም፤ በአንድ እጅ መጎተት አትችልም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ማስተባበያ ላስገባ እየፈለግሁ፤ አላወቅሁም፣ አልመሰለኝም፣ አታሎኝ ነው። አንዳንዱን አስገባሁት። አፌን ቆርጬ ብጥለው።



«ስትነግረው ስቀህ ነበር?» አለችኝ።

ከሁሉ ጥያቄ ይሄን መረጠች።

«አዎ።»

«አረማመዴን አሳየህ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ያስቃል። እኔንም ያስቀኝ ነበር» አለች።

ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ቀና ስትል ድምጿ ሌላ ሆነ። «ጋሼ፣ ይቅርታህን አሁን አልፈልገውም። በአጋጣሚ ነው ያገኘኋት ብሏል፤ ምስክር የለኝም። ሄደህ ለፖሊስ ንገር። ለእኔ እንደነገርከኝ ሳይሆን፤ የሳቅኸውንም ጨምረህ።»

ከዚያ ስልኳን አነሣችና ጓደኛዋ ጋር ደወለች። እኔ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ። «አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «ወንድሜ ነው።»

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ። ወረፋ። ግድግዳው ቀለሙ የተላጠ፣ አግዳሚው ጠባብ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ንዴት ታቅፎ ተቀምጧል። መርማሪዋ እድሜዋ ከእህቴ አይበልጥም። ስናገር አልተቆጣችኝም፣ አልተገረመችም፤ ይሄ ደግሞ አናደደኝ። ስንቴ ሰምታዋለች?

«የጠየቀህን በራሱ ቃል ንገረኝ» አለች።

ነገርኳት። ክፍሏ ወደ መንገዱ ነው? ሥራ ትሄዳለች? በዚያው አውቶቡስ? አፌ ላይ ሲደረደሩ ጠያቂው ባል አይመስልም ነበር። አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ለምን እንዲህ አልተሰሙኝም? ያን ጊዜ አንድ በአንድ፣ በቀልድ ተጠቅልለው ነበር የሚመጡት።

ፓወር ሰፕላዩን ከራዲዮው ነቅዬ ኪሴ ይዤው ሄጄ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ጸጥ ያደርጋል» አልኳት።

መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። «ቃልህ ይበቃል፤ ይሄ ማስረጃ አይሆንም። ውሰደው» አለች። ፈረምኩ።

ስወጣ በሩ አጠገብ ያለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣልኩት። ጥቂት ሄጄ ዞሬ አየሁት። ጥሩ ዕቃ ነበር። ከዚያ የተሻለ አላገኝም። መዞሬ ነው እስከ ቤት ያንገበገበኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

አሰሩት። እማዬ ሰምታ ደወለች።

«የቤታችንን ገመና ፖሊስ ጣቢያ አሰጣኸው? አማችህን? ቁጭ ብለን ብንነጋገር ምን ነበረበት?»

«እማዬ፣ ክንዷን ሰብሮታል።»

«ክንድ ይድናል! ትዳር ነው የማይድነው!»

«እሱ ትዳር አይዳን!» ብዬ ጮኼ ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ ዘጋሁት። በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ኮሪደር ላይ ቆምኩ። እህቴ በር ከፍታ አየችኝ። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ከዚህ በፊት ደውላ መልሳት ስትለኝ እሺ ያልኩት እኔ ነበርኩ። እናቴን ሰማኋት፣ አማቼን ሰማሁት፣ የሩቅ አገር ሰውዬ ገጽ ሲገልጥ ሰማሁ።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

በዋስ ለቀቁት፤ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ተቀጥሯል፤ እስከዚያ ግን እንደ ማንኛችንም መንገድ ላይ ይሄዳል። ይሄን ስሰማ የያዝኩትን ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ልወረውረው እጄን አነሣሁ፤ እህቴን አየኋትና መልሼ አስቀመጥኩት። ሰው እጁን ሲያነሣ ትከሻዋ ምን እንደሚሆን አሁን አያለሁ።

በነጋታው ወጣች። ጓደኛዋ መጣች፣ ከሚስቴ ጋር ሆነው አወጧት። የሆነ ቦታ ክፍል አግኝተውላታል። በደህናው እጇ ቦርሳዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ የምገባበትን አልነግርህም» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት ነው ያለችው።

«አትንገሪኝ» አልኳት።

ጓደኛዋ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም። መብቷ ነው። ሚስቴ አድራሻውን ታውቃለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ታያታለች። ስትመለስ እንዴት ናት ብቻ እላለሁ። ክንዷ ተጠግኗል፤ ጣቶቿ ግን ወረቀት ለማጠፍ ገና አልታዘዙም።

ክፍሉ ባዶ ነው። ሚስቴ ዕቃህን አስገባ አለችኝ፤ አሁን የፈለግኸውን ያህል ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ማቆም ትችላለህ። አላስገባሁም። ራዲዮው ጫማው ላይ ሽቦው ተንጠልጥሎ ተቀምጧል።

ትናንት አንድ የማላውቀው ሰው ሱቅ መጣ። የፀሐይ መነጽር እየሞከረ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ «እህትህ ተሻላት?» አለኝ።

«ማን ነው የላከህ?»

«ኧረ እንዲሁ ነው፤ ሰምቼ። የት ገባች አሁን?»

ሻይ ልጋብዝህ ሊለኝም ይችል ነበር። ፈገግታው ለዚያ ተዘጋጅቷል። መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቅሁና አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት።

«አላውቅም» አልኩት።

ዓይኔን ፈለገ። እኔም አልሸሸሁትም፤ ይፈልግ። እውነቴን ነበር። የሚያገኘው ምንም አልነበረም።